ቆጣሪው ስንት ላይ ነበር?

ስለ አገራችን የመብራት ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ግድብ ነው። ቆቃ፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ጊቤ፣ ሕዳሴ… ሜጋዋት ስንቆጥር አደግን። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ 5,150 የምትለዋን ቁጥር ታክሲ ውስጥ ሳይቀር በቃሉ የሚያወርድ ሰው ሞልቶ ነበር። እዚያው ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ስንት ላይ እንደደረሰ ግን እስኪ ማን ያውቃል? ሰሞኑን ጓደኞቼን ስጠይቃቸው አንዳንዶቹ ቆጣሪው በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ ለማስታወስ ራሱ ጊዜ ወሰደባቸው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቁጥር ነው፤ በተለይ ደግሞ ስለ ርክክብ ቀን። መብራት የሚሸጥልን ድርጅት ሲለወጥ፣ የታሪፍ ጭማሪ ሲመጣ፣ ተከራይ ቤት ሲለቅ፣ ባለ ዲስኩ ቆጣሪ ተነቅሎ ባለ ካርዱ ሲተካ፣ «ቆጣሪው ስንት ላይ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ነገሩ ተራ የቢል ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩን የያዘ ሰው ዕዳው የማን እንደሆነም የመወሰን ሥልጣን አለው። ታሪኩን ስትከታተሉት ይህ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታገኙታላችሁ፤ ወደ ደንበኛው እጅ የገባበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ባሕር ተሻግረን እንምጣ። ብሪታንያ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1999 ጀምሮ ማንኛውም ቤተሰብ ኤሌክትሪክ የሚገዛበትን ኩባንያ እንደ ስልክ መስመር መቀየር ይችላል። ሽቦው ያው ነው፣ ምሰሶው ያው ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪም አይነካም። የሚለወጠው ቢሉን የሚልከው ድርጅት ብቻ ነው። ታዲያ ሽቦው ካልተቆረጠ የአሮጌው ኩባንያ ሒሳብ አልቆ የአዲሱ የሚጀምረው የት ላይ ነው? መልሱ በቆጣሪው ላይ ያለችው ቁጥር ናት። ደንበኛው በቅያሪው ቀን ቆጣሪውን አንብቦ ይልካል፤ ያቺው ቁጥር ለአሮጌው ኩባንያ የመዝጊያ፣ ለአዲሱ ደግሞ የመክፈቻ ንባብ ትሆናለች። አንድ ቁጥር ለሁለቱም! ሁለቱ ኩባንያዎች የተለያየ ቁጥር ከያዙ ደንበኛው አንዱን ኤሌክትሪክ ሁለት ጊዜ ሊከፍልበት ይችላል። ደንበኛው ካልላከ ደግሞ ግምት ይገባል፤ ግምት ከገባ ጭቅጭቅ ይከተላል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2022 ላይ የሆነው ነገር ይህችን ቁጥር በደንብ ያሳያታል። በማግስቱ ሚያዝያ 1 የቤተሰብ ኢነርጂ ዋጋ ጣሪያ በ54 በመቶ ሊጨምር ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ በዚያ ቀን ቆጣሪውን አንብቦ ካልላከ በርካሹ ዋጋ የተጠቀመው ኤሌክትሪክ በውዱ ዋጋ ሊታሰብበት ይችላል ተባለ። ያኔ አገሩ በሙሉ ባትሪ ይዞ ደረጃ ሥር ተንበረከከ። ሁሉም በአንድ ቀን ሲልክ የብዙ ኩባንያዎች ድረ ገጽ ተጨናንቆ ቆመ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ በጋዝ ዋጋ መናር ምክንያት ከ25 በላይ ሻጭ ኩባንያዎች ከስረው ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደንበኞችን በሙሉ ወደ ሌላ ሻጭ ሲያዛውር የሰጠው ምክርም ያው ነው፦ አትደናገጡ፣ ቆጣሪያችሁን አንብባችሁ ያዙ፣ አዲሱ ሻጭ እስኪያነጋግራችሁ ጠብቁ።

ወደ እኛ እንመለስ። እኛ ጋ ሻጩን የሚለውጠው ደንበኛው አይደለም፤ ሻጩ ራሱ ነው የሚለወጠው። ያውም ደጋግሞ!

መብራት አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1898 ግድም በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄኔሬተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራና ለአዲስ አበባ ትንንሽ ፋብሪካዎች፣ ቀጥሎም ለቤተ መንግሥቱ አካባቢ ዋና ዋና ጎዳናዎች ብርሃን ሰጠ። ጣሊያን ሲገባ ኮኒኤል የሚባል የጣሊያን ኩባንያ የዋና ዋና ከተሞችን ማመንጨትና ማከፋፈል ጠቀለለው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያን ሲወጣ ሥራው የጠላት ንብረት አስተዳደር እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ «የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል» የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። (ለሸዋ ልጅ ደስ የሚል ስም ነው፤ ድርጅቱ ግን ከሸዋ ውጪ ላሉ ከተሞችም ያቀርብ ስለነበር ስሙ ብዙ አልቆየም።) እ.ኤ.አ. በ1955 ስሙ ተለወጠ፤ ወራት ሳይቆይ በ1948 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ሆነ። ይኼኛው ንጉሡንም ደርግንም ተሻግሮ ኖረ። በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ተባለ። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ በደንብ ቁጥር 302 እና 303 ለሁለት ተከፈለ፦ ግድብና ከፍተኛ መስመር የያዘው «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል»፣ ቢልና ቆጣሪ የያዘው ደግሞ «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት»። አገልግሎቱን ለተወሰነ ጊዜ የሕንዱ ፓወር ግሪድ ኮርፖሬሽን በኮንትራት አስተዳድሮታል።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ስም አልተከተለም። ያኔም «መብራት ኃይል» ነበር፣ ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው። ሕዝቡም ልክ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም በእነዚህ ሁሉ ሽግግሮች የቤቱ ቆጣሪ ለአንድ ሰከንድ እንኳ አልቆመም። ደንቡ የአሮጌው ድርጅት መብትና ግዴታ ወደ አዲሱ ተላልፏል ይላል። «መብት» ማለት ደግሞ በእኛ ቋንቋ ሲተረጎም ውዝፍ ዕዳችሁ ማለት ነው። ድርጅቱ ሲለወጥ «ዛሬ ቆጣሪያችሁ ስንት ላይ ነው?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም፤ አያስፈልግማ! የባለፈው ወር ንባብ መዝገቡ ላይ አለ፣ የዚህ ወር ደግሞ አንባቢው ሲመጣ ይሞላል። እንግሊዙ በቅያሪ ቀን ባትሪ ይዞ የሚንበረከከው ሁለት ሻጮች ስላሉና እሱ መካከል ላይ ስለቆመ ነው። እኛ መካከል ላይ አልቆምንም። ቁጥሩም መዝገቡም ከአንድ ወገን ነው የሚመጡት።

ለመሆኑ ይህች ቁጥር በሻጭና በገዢ መካከል ዳኛ የሆነችው ከመቼ ጀምሮ ነው? ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒው ዮርክ ላይ መብራት መሸጥ ሲጀምር ቆጣሪው ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረውም። ብርጭቆ ውስጥ የዚንክ ጨው ውኃ ተሞልቶ ሁለት የዚንክ ሳህኖች ይነከሩበታል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዚንኩ ከአንዱ ሳህን ተነስቶ በሌላው ላይ ይለጠፋል። የኩባንያው ሠራተኛ በየወሩ መጥቶ ሳህኑን ይወስድና ቢሮ ገብቶ በሚዛን ይመዝነዋል። ስንት ግራም ጨመረ? ያህን ያህል ክፈል! ደንበኛው ምን አይቶ ይከራከራል? ሥጋ ሻጩ ሥጋውን ጓዳ ገብቶ መዝኖ ዋጋውን በመስኮት እንደመጥራት ነው። (ውኃው በብርድ እንዳይጋገርም በቆጣሪው ሳጥን ውስጥ አምፖል ይበራ ነበር። በመንዝ ደጋ የኤዲሰን ቆጣሪ ቢተከል ኖሮ አምፖሉ ከርሞ እስከ ክረምት ሳይጠፋ ይኖር ነበር።)

ይህን የለወጠው የቡዳፔስቱ ጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 የሠራው ቆጣሪ ኤሌክትሪክ ባለፈ ቁጥር ዲስክ የሚያሽከረክር፣ ዲስኩም ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች እየነዳ ቁጥር የሚያስቆጥር ነበር። የመጀመሪያዎቹ 23 ኪሎ ይመዝኑ ነበር አሉ። የአያቶቻችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሳጥን የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ከመስታወቱ በስተኋላ ያለችው ቁጥር ለአንባቢውም ለደንበኛውም እኩል ትታያለች። ከኤዲሰን ብርጭቆ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቢያንስ ሚዛኑ ከጓዳ ወጥቷል። ይሁንና ሚዛኑ አደባባይ ወጣ ማለት የሚጽፈው ሰው እጅ ተለወጠ ማለት አይደለም።

በብዙ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች ከዋናው መስመር በፊት የነበረው የመብራት ሽያጭ ቆጣሪ አልባ ነበር። አንድ ነጋዴ ወይም ማዘጋጃ ቤቱ የናፍጣ ሞተር ያቆማል፤ ሲመሽ ያስነሳዋል፣ ጥቂት ሰዓት ያበራል፣ ከዚያ «ድም» አድርጎ ያጠፋዋል። ክፍያው በአምፖል ነበር፤ አንድ አምፖል በወር ይህን ያህል፣ ሁለት አምፖል ያን ያህል። ለሬዲዮ ወይም ለቴፕ ደግሞ ለብቻ ይታሰባል። ሒሳቡ ሻካራ ነው፣ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል፤ አምፖል ለመቁጠር መነጽርም አያስፈልግም። የሞተር መብራት ዋጋው ውድ፣ ዕድሜው አጭር ነበርና ማንም እንዲመለስ አይመኝም።

ከዚያ ዋናው መስመር ገባ። በተለይ በ1998 ዓ.ም. ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የገጠር ከተሞችና መንደሮች ምሰሶ አዩ። ለእነዚህ ከተሞች እውነተኛው የሻጭ ለውጥ ይህ ነው፦ ከሞተሩ ጌታ ወደ መብራት ኃይል፣ ከኩራዝና ከነጭ ጋዝ ወደ ቆጣሪ። የመዝጊያ ንባብ አልነበረም፤ ኩራዝ ምን ይነበባል? የመክፈቻው ንባብ ግን ነበር። ቆጣሪው ሲተከል ላዩ ላይ ያለችው ቁጥር ውሉ ላይ ትጻፋለች። አዲስ ቆጣሪ ዜሮ አካባቢ ይጀምራል፤ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ ከሆነ ግን የሌላ ሰው ቁጥር ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከመዘዞ ሆነን እንየው። ለምን መዘዞ? ከቢሮ ሲርቁ ቁጥሯ ምን ያህል እንደምትከብድ ስለሚያሳይ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው የመንዝ መንገድ ስትታጠፉ የምታገኟት ደጋማ ከተማ ናት። የከበረ ድንጋይ የሚያዘወትሩ ፈረንጆች በደንብ ያውቋታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከአካባቢዋ የወጣው ቡናማው ኦፓል በዓለም ገበያ በእሷ ስም ይጠራል። ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ቀለም ይኑረው አይኑረው የሚታወቀው ሲፈለጥ ነው። የብርሃን ነገር ከተነሳ ጎረቤቷ ደብረ ብርሃንም ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ታየ ከተባለ ብርሃን ነው። ያኛው ብርሃን ቢል አልነበረውም።

እንግዲህ በመዘዞ አንድ ቤት አስቡ። እማማ ብለን እንጥራቸው። ሁለት ሦስት አምፖል፣ ሬዲዮ፣ ስልክ ቻርጅ፣ አልፎ አልፎ ካውያ። በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ እንበል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2018 በሠራው ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው በ27.30 ሳንቲም ይታሰባሉ፤ የሚቀጥሉት 50 በ35.64 ሳንቲም፣ የሚቀጥሉት 100 በ49.93፣ ከዚያ በላይ ያሉት 100 በ55 ሳንቲም፣ እያለ ይወጣል። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም ድሃ ትንሽ ይክፈል፣ ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል። እማማ በየወሩ ከተነበበላቸው የአገልግሎት ክፍያውን ሳንጨምር በወር 13 ብር ከ65 ሳንቲም፣ በአራት ወር 54 ብር ከ60 ይከፍላሉ።

አሁን አንባቢው አራት ወር ሳይመጣ ቢቀርና በአራተኛው ወር መጥቶ 200 ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ቢል ቢጫንባቸውስ? የመጀመሪያው 50 ያው 13 ብር ከ65 ነው። ሁለተኛው 50 ግን 17 ብር ከ82 ይሆናል፣ የቀረው 100 ደግሞ 49 ብር ከ93። ድምር 81 ብር ከ40 ሳንቲም! ቆጣሪው አልዋሸም፣ አንባቢውም አላሳሳተም፣ እማማም አንዲት አምፖል አልጨመሩም። 26 ብር ከ80 ሳንቲሙን የፈጠረው የንባቡ ቀን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለድሃ ተብሎ የተሠራው ደረጃ አንባቢ ሲቀር ድሃውን የሚያንሸራትት ደረጃ ይሆናል። በየወሩ ብዙ የሚጠቀመውስ? እሱ ድሮም ላይኛው እርከን ላይ ስለሆነ የወራት መደራረብ ከቢሉ መጠን አንጻር ሲታይ የእማማን ያህል አይነካውም።

በግምት መሙላት ይህን ለመፍታት የመጣ ዘዴ ይመስላል፤ አንባቢው ባይመጣም ያለፉትን ወራት አይቶ ግምት ይጻፋል። ግምቱ ከእውነቱ ካነሰ ግን ልዩነቱ እየተጠራቀመ ሄዶ አንድ ቀን በጅምላ ይመጣል፤ ከበለጠ ደግሞ እማማ ላልተጠቀሙት ይከፍላሉ። ያውም ገንዘቡ እንዲታሰብላቸው ቢፈልጉ ወረፋ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የመኪናው፣ የቀኑ፣ የወረፋው ወጪ ሲደመር ከ26 ብሩ ይበልጣል። ስለዚህ አይሄዱም። ያልቀረበ አቤቱታ ደግሞ መዝገብ ላይ አይገኝም።

መንገድ ሲዘጋማ ነገሩ ሌላ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ መዘዞም ከሞላሌ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከራሳ ጋር ስሟ በዜና ተነስቷል፤ በወሩ መጨረሻ አካባቢ ነፃ ወጡ ከተባሉት ከተሞች አንዷ ነበረች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ቆጣሪ ማሰብ ቅንጦት ነው፤ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የሚሸሸው። ጦርነት ሲያልፍ ግን ቢል ይመጣል፤ ቢል ደግሞ ማን ቤት ነበረ፣ ማን ሸሽቶ ነበር ብሎ አይጠይቅም። ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ንባብ ይቀንሳል፣ ያበቃል።

ስለ ንባቡ ራሱም አንድ ነገር ልበል። በባለ ዲስኩ ቆጣሪ ላይ ጥቁር ቁጥሮች ተደርድረው መጨረሻ ላይ አንዲት ቀይ ትኖራለች። ቀይዋ ከነጥብ በኋላ ያለች ናት፤ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ። አንባቢ ቸኩሎ ቀይዋን ከጥቁሮቹ ጋር ቢያነብ ንባቡ በአሥር እጥፍ ያብጣል። ይህ ስሕተት ቢል ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ «ያለፈው ንባብ» እና «የአሁኑ ንባብ» የሚሉት ሁለት ሣጥኖች እዚያው አሉ። ቢሉ ላይ የተጻፈው «የአሁኑ ንባብ» ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው ከበለጠ የተሞላው ገና ያልተጠቀማችሁበት ነው። ለመክሰስ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ወንበር ላይ ወጥቶ ማየት ይበቃል። ስንቶቻችን ግን ከታች ያለውን ጠቅላላ ድምር ብቻ አይተን ቢሉን አጣጥፈን ኪሳችን እንከታለን?

ወደ ከተማው ልጅ ሕይወት ስንመጣ ደግሞ ትልቁ የርክክብ ቀን የኪራይ ቤት መልቀቅ ነው። ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። እያንዳንዱ እንደ እማማ 50 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ድምሩ 250 ነው። በዚያው በድሮው ታሪፍ 108 ብር ከ90 ይመጣል፤ አምስቱም የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ በድምሩ 68 ብር ከ25 ነበር። አንድ ቆጣሪ መጋራት በራሱ ቅጣት ነው ማለት ነው! ይህን 40 ብር ከ65 አከራይዋ ከኪሳቸው አያወጡትም፤ በአምፖል ቁጥር፣ ወይም «አንተ ላፕቶፕ አለህ»፣ ወይም «አንቺ ምጣድ ትጥጃለሽ» እየተባለ ይከፋፈላል። ልብ በሉ፣ ይኼ የናፍጣ ሞተሩ ዘመን አቆጣጠር ነው። አገሪቱ ግድብ ላይ ግድብ ስትገነባ የተከራይ ግቢ ውስጥ ዛሬም አምፖል ይቆጠራል።

ተከራይ ሲወጣና ሲገባ ደግሞ ማንም ቆጣሪ አያነብም። ስለዚህ አዲስ ገቢው የመጀመሪያ ወር ቢሉ ላይ የወጪውን ሦስት ሳምንት ይከፍላል። በስም ዝውውርም ያው ነው፤ ቤት የገዛ ሰው ቆጣሪውን ወደ ስሙ ሊያዛውር ሲሄድ ከውዝፍ ነፃ መሆኑ ይጠየቃል፤ ውዝፉ ግን የሻጩ ይሁን የእሱ የሚለየው በርክክቡ ቀን በነበረችው ቁጥር ነው። የቤት ሽያጭ ውል ላይ የካሬ ሜትሩ፣ የበሩ፣ የመስኮቱ ብዛት ሳይቀር ሲጻፍ አይቻለሁ። የቆጣሪውን ንባብ የጻፈ ውል ግን አላጋጠመኝም።

የአከፋፈሉ መንገድ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 «ለሁሉ» የክፍያ ማዕከላት መጡ፤ ከዚያ ንግድ ባንክ፣ ከዚያ ቴሌብር። ዛሬ አንድ ልጅ ታክሲ ውስጥ ቆሞ የእናቱን ቢል ይከፍላል። ገንዘቡ በሰከንድ ይደርሳል፤ ንባቡ ግን ዛሬም በብዙ ቤት በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው የሚያመጣው።

ካርድ ቆጣሪ ይህን ሁሉ ያስቀራል ተብሎ ነበር የመጣው። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አዲስ አበባ ላይ ሲተከል ሐሳቡ አጓጊ ነበር፤ ቀድመህ ክፈል፣ የከፈልከውን ያህል አብራ፣ አንባቢም ግምትም የለም። በእውነትም ግምቱን አጥፍቶታል። ለብዙ ዓመት ግን ካርዱን ለማስሞላት ማዕከል ድረስ መሄድ ግድ ነበር፤ ሲስተም የለም በተባለ ቀን ገንዘብ ኪሱ ይዞ ጨለማ ውስጥ ያደረ ሰው ጥቂት አይደለም። የቀድሞው ዕዳ ሻጩ ጋ ነበር፣ የአሁኑ ጭንቀት ገዢው ጋ ነው።

የካርዱ ትልቁ ነገር ግን የሚተከልበት ቀን ነው። ያን ቀን ባለ ዲስኩ ቆጣሪ ይነቀልና ይወሰዳል። ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ ቆመ፤ ላዩ ላይ ያለችው ቁጥር የመዝጊያ ንባብ ናት። ለዓመታት በግምት ሲሞላ ከነበረ ልዩነቱ በሙሉ በዚያች ቁጥር ውስጥ አለ። ከአንባቢው የተረፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ውዝፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ቆጣሪው ደግሞ ከግድግዳው ወርዶ በመኪና ሄዷል፤ ወንበር ላይ ወጥታችሁ የምታዩት ነገር የለም። በዚያች ደቂቃ እንግሊዙና እኛ አንድ ዓይነት ሰዎች ነን። እሱ ግን ቁጥሩን ራሱ ጽፎ ልኳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ በሻጩ ጥፋት የዘገየ ቢል ከ12 ወር ወደ ኋላ ሄዶ ሊጠየቅበት አይችልም።

እኛም አገር ተቆጣጣሪ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ያቋቋመው ባለሥልጣን ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል፤ የታሪፍ ጉዳይም በእሱ በኩል ያልፋል። ታሪፉም ቆሞ አልጠበቀም። በ2011 ዓ.ም. ለአራት ዓመት በየደረጃው የሚጨምር ታሪፍ ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት በ27.30 ሳንቲማቸው ሲቆዩ ከ500 በላይ ያለው ከ70 ሳንቲም በታች ከነበረበት ከ2 ብር በላይ ደረሰ። የታችኛውና የላይኛው እርከን በተራራቁ ቁጥር የእማማ አራት ወር በአንድ ቢል መደራረብ የበለጠ ያማል። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እንደገና ለአራት ዓመት በየደረጃው የሚጨምር ሌላ ታሪፍ ተጀመረ።

መስከረም 1 ቀን 2017 ለእኛ እንደ እንግሊዞቹ መጋቢት 31 ነበር። አዲስ ዓመት ነው፣ አበባየሆሽ ይባላል፣ ዶሮ ይሠራል። ጳጉሜ 5 ማታ ላይ ግን ባትሪ ይዞ በረንዳ ወጥቶ ጥቁሮቹን ቁጥሮች ስልኩ ላይ ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ፣ እስከዚያች ምሽት ያለው ፍጆታው በአሮጌው ዋጋ እንዲታሰብለት የሚከራከርበት ወረቀት እጁ ላይ አለው። ታሪፉ በየደረጃው የሚጨምር እንደመሆኑ ቀጣዩ የመሸጋገሪያ ቀንም ሩቅ አይደለም። ስልካችሁ ፎቶው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይጽፍላችኋል፤ ቀይዋን ቁጥር ግን አትቁጠሩ።